ለእማዬ የሚሆን ጎማ

ቀዩ ቁልቁለት ላይ የተንሸራተትነው በእኔ ጥፋት አይደለም። ይህን አስቀድሜ ልናገር፤ ታላቅ እህቴ ስታወራው የሰማ ሰው እናቴን አውቄ ገደል የከተትኳት ይመስለዋል። ሌሊቱን ሲዘንብ አድሮ አፈሩ ሳሙና ሆኗል። የፒካፔ ጎማዎች ደግሞ ጥርሳቸው አልቆ እንደ ሰሃን ለስልሰዋል። ፍሬን ብይዝ መኪናው አልሰማህም አለኝ፤ ወደ ጎኑ እየተንሸራተተ ሄዶ ቦይ ውስጥ ተጋደመ። እማዬ ከጎኔ ተቀምጣለች፣ ፊቷ አመድ መስሏል።

«ደህና ነሽ?» አልኳት።

«ምን እሆናለሁ? ዛሬስ ጥሩ ነው የነዳኸው» አለችኝ።

እናቴ እንዲህ ናት። ቤት ቢቃጠል «እሳቱ እንኳ ይሞቃል» የምትል ሴት ናት።

ትራክተር ተለምኖ መጥቶ እስኪጎትተን ቀኑ ተጋመሰና የእጥበት ተራዋ አለፋት። እማዬ ኩላሊቷ ከሠራ ቆይቷል። በሳምንት ሁለት ጊዜ ከተማ ወርዳ በማሽን ካልታጠበች ሰውነቷ ውሃ ይይዛል። በማግስቱ እግሯ አብጦ ትንፋሿ አጥሮ ሆስፒታል አስተኟት። እህቴ ኮሪደሩ ላይ ጠበቀችኝ። ከተማ ውስጥ የልብስ ማጠቢያ ቤት አላት፤ ቀኑን ሙሉ የሰው እድፍ ስታይ ስለምትውል የእኔን ለማየት አትቸገርም።

«በቃ» አለችኝ። «እማዬ ከእኔ ጋር ትሆናለች። ከእኔ ቤት ሆስፒታሉ ድረስ በእግር ይኬዳል።»

«ቤቷስ?»

«ቤት ሰው ነው እንጂ ግድግዳ አይደለም።»

«ጎማ እቀይራለሁ» አልኳት። «የጎማ ጉዳይ ነው እንጂ እኔ ምን አጠፋሁ? አዲስ ጎማ ላስገባና እዪው።»

ጣቷን አፍንጫዬ ሥር ቀሰረች። «አንድ ጊዜ ደግሞ ብትንሸራተት፣ ወይ መንገድ ላይ ቆመህ ብታስረፍዳት፣ ራሴ መጥቼ ነው የምወስዳት። ያኔ ጎማህን ታቅፈህ ትተኛለህ።»

ስለዚህ ጎማ መምረጥ ማለት እናቴ የት ትኑር ብሎ መወሰን ሆነ። እኔ ደግሞ እንድትሄድብኝ አልፈለግሁም። የውሃ ፓምፕ ጠጋኝ ነኝ፤ ቀኑን ሙሉ የሰው ጉድጓድ አፍ ላይ ተደፍቼ ውዬ ማታ ስገባ መብራት በርቶ የሚጠብቀኝ የእሷ መስኮት ብቻ ነው። ሚስት የለኝም። «ፀጉርህ ሳይመለጥ አግባ» እያለች ስትነዘንዘኝ ኖራ፣ ከተመለጠ በኋላ ተስፋ ቆርጣ ተወችኝ። እሷ ከሄደች ያ ቤት ለእኔ የፓምፕ ማስቀመጫ ነው የሚሆነው።

ጎማ ቤት የሄድነው ከእጥበት እንደወጣች ነው። ያን ሰዓት ጉልበት የላትም፤ እህቴ ጋ ጋደም በዪ ብላት አሻፈረኝ አለች።

«ጎማውን እኔም ልየው» አለች።

«ስለ ጎማ ምን ታውቂያለሽ?»

«አንተን ስወልድ ስለ ልጅ ምን አውቅ ነበር?»

ከእሷ ጋር መከራከር ውሃ መውቀጥ ነው።

ጎማ ሻጩን ሰፈሩ በሙሉ አቶ ዋስትና ይለዋል። ትክክለኛ ስሙን የሚያውቅ አላጋጠመኝም። የሚሸጠውን ሁሉ፣ የማይሸጠውንም ጭምር፣ ዋስትና እየሰጠ የሚኖር ቀጭን ሰው ነው። ሱቁ ከወለል እስከ ጣሪያ በተደራረበ ጎማ የታጨቀ ስለሆነ መተላለፊያው ለአንድ ሰው ብቻ ነው የሚበቃው። የአዲስ ጎማ ሽታ አፍንጫ ይሰነፍጣል። እማዬን እንዳየ የፕላስቲክ ወንበር በእጅጌው ጠርጎ አቀረበላት።

«ይቀመጡ እናቴ። ወንበሩ ዋስትና አለው።»

«ወንበሩ እንኳን ይኑረው» አለች እማዬ እየተቀመጠች፤ «ለእኔም የሚሰጥ ካለ ንገረኝ።»

አቶ ዋስትና ሊስቅ ጀምሮ ክንዷ ላይ የተለጠፈውን ፋሻ አየና ሳቁን ዋጠው። ወደ እኔ ዞሮ ሥራውን ጀመረ።

«ይኼ የአስፋልት ነው፤ ድምፅ የለው፣ ነዳጅ አይጨርስ። ጭቃ ሲያይ ግን ይሽኮረመማል፤ ይህን አንተም የምታውቀው ይመስለኛል። ይኼኛው የጭቃ ነው፤ ጥርሱን እየው! ጭቃ ውስጥ አውሬ ነው። አስፋልት ላይ ግን እንደ ወፍጮ ይጮሃል፤ አስፋልቱ ከረጠበ ደግሞ ፍሬን አይሰማም። ያንተ መንገድ ምን ዓይነት ነው?»

«ግማሹ አስፋልት፣ ግማሹ ጠጠር፣ ጫፉ ላይ ቀይ ጭቃ።»

«እንግዲያው ያንተ ይኼ ነው» አለና አንዱን ከክምሩ ስቦ እግሬ ሥር አንከባለለው። «የሁሉም መንገድ ጎማ። መሃሉ ላይ ጥርሱ ተቀራርቧል፣ አስፋልት ይወዳል። ዳርና ዳሩ ላይ ደግሞ ከፈት ከፈት ብሏል፤ ጭቃውን እየተፋ ነው የሚሄደው።»

«ለሁሉም የሚሆን ለማንም አይሆንም» አልኩት። ዕቃ ስገዛ ማጣጣል ልማዴ ነው፤ ሳላጣጥል ከገዛሁ የተታለልኩ ይመስለኛል። ተንበርክኬ ጎኑ ላይ የተመረተበትን ሳምንትና ዓመት ፈልጌ አነበብኩ። ሱቅ ውስጥ የከረመ ጎማ ጥርሱ ሙሉ ቢሆንም ደርቆ ይሰነጠቃል።

«ጥርሱ ደህና ነው?» አለች እማዬ ከወንበሯ።

«ሙሉ ነው።»

«ጥርስስ እኔም ነበረኝ።»

ከዚህ ዓይነት ጎማ ሁለት ነበረው። አንደኛው ከባድ ነው፤ ጎኑ በድርብርብ የተሠራ ስለሆነ በአውራ ጣቴ ብጫነው ግድግዳ የተጫንኩ ያህል ነው። ሁለተኛው ቀለል ያለ ነው፤ ስጫነው ትንሽ እሺ ይላል። የቱ እንደሚሻለኝ ስጠይቀው አቶ ዋስትና መልሶ ጠየቀኝ።

«ምን ትጭናለህ?»

«ቱቦ፣ ፓምፕ፣ ጄነሬተር። አንዳንዴ ሲሚንቶ...»

«እኔን» አለች እማዬ።

ሁለታችንም ዞር አልን። እየቀለደች መስሎኝ ነበር፤ ፊቷ ላይ ግን ቀልድ አልነበረም። መሐረቧን ጉልበቷ ላይ እያጣጠፈች ነው። አቶ ዋስትና አገጩን አሻሸ።

«እንግዲህ ሲሚንቶ ከሆነ ከባዱ ነው» አለ። «ድንጋይ አይቆርጠውም። ግን ባዶውን ስትነዳው አይተኛም፤ ያነጥራል። ሰው ከሆነ ቀላሉ ይሻላል፣ ጉድጓዱን ይውጥልሃል። እሱ ደግሞ ሹል ድንጋይ ካገኘው ጎኑ አይችልም። ከሁለት አንዱን ነው።»

በዓይነ ሕሊናዬ ጠጠሩ መንገድ ላይ ጎማ ፈንድቶብኝ ቆሜ ታየኝ። የፈነዳ ጎማ፣ ያለፈ ተራ፣ ያበጠ እግር፣ ከዚያ እህቴ ሻንጣ ይዛ። ልቤ ወደ ከባዱ አደላ፤ ቢሆንም አፌን ያዝ አድርጌ እማዬን አየኋት።

«ከባዱን ግዛ» አለች ወዲያው። «የማይፈነዳውን። እኔ እንደሆነ መንገዱ ምንም አይለኝም።»

«ሰማህ?» አልኩት ለአቶ ዋስትና፤ ደረቴን ነፍቼ ነበር። እናቴ በአነዳዴ ስትመሰክር ደስ ይለኛል፤ ከሌላ ሰው ሰምቼው ስለማላውቅ ይሆናል።

ጎማውን የሚገጥመው ጎሚስታ ሬዲዮ ይባላል፤ በቀን አሥር ቃል ስለማይናገር ነው። ዝም ብሎ በክሪክ አነሳ፣ ብሎን ፈታ፣ አሮጌዎቹን ከቸርኬው አላቀቀ፣ አዲሶቹን አስገባ። ሥራውን ሲጨርስ ቁልፉን ተቀብዬ መሪው ጋ ልቀመጥ ስል ክንዴን ያዘኝ።

«ባለቤት ቀኝ» አለ።

አቶ ዋስትና ከውስጥ ሆኖ አስረዳኝ። ሬዲዮ አንድ ደንብ አለው፦ ጎማ የቀየረለትን መኪና ራሱ ነድቶ ሳይሞክር አያስረክብም፤ ባለቤቱ ደግሞ አጠገቡ ተቀምጦ ጆሮውን መስጠት አለበት። መሪ የያዘ ሰው እጁን እንጂ ጆሮውን አይሰማም ብሎ ያምናል። ከዚህ ደንብ ንቅንቅ አይልም፤ ለባለሥልጣንም አላነሳውም አሉ።

«ይህን ፒካፕ ከገዛሁት ጀምሮ ከእኔ ሌላ ሰው ነድቶት አያውቅም» አልኩ። ሬዲዮ መልስ ሳይሰጠኝ ጋቢና ገብቶ ወንበሩን ወደ ኋላ ገፋ። ምን ላድርግ፣ ዞሬ በእማዬ ቦታ ተቀመጥኩ። መኪናው የእኔ ሆኖ እዚያ ወንበር ላይ ስቀመጥ ያ የመጀመሪያዬ ነው።

ከሱቁ ጀርባ ወደ ድንጋይ ካባው የሚወስድ የተቦረቦረ መንገድ አለ። ገና ወደዚያ ስንታጠፍ ከጎድኔና ከበሩ መሃል የሆነ ነገር ገባ። ስስበው ትንሽ ትራስ ናት፤ በእጅ የተሰፋች። ጨርቋን አወቅኋት። አምና የጠፋብኝ ሹራቤ እጅጌ ነው፤ ለቆራሌው ሰጥተሽዋል ብዬ ተቆጥቻት ነበር። ይህች እዚህ ምን ትሠራለች ብዬ እያገላበጥኳት ሳለ መኪናው ጉድጓድ ውስጥ ገባ።

መሪ ላይ ያለ ሰው ጉድጓዱን አስቀድሞ ያየዋል፤ ሳያስበውም ጎማውን ትንሽ ያሸሻል፣ ወገቡን ያጠብቃል። ሬዲዮም እንደዚያው አደረገ። እኔ ትራስ እያየሁ ነበርና ጥርሴ ከጥርሴ ተጋጨ። ቀጥሎ በድንገት ወደ በሩ ወረወረኝ። ከበሩ በላይ ያለውን መያዣ በቀኝ እጄ አፈፍ አደረግሁት። አንደኛው ጫፉ ብሎኑ ወልቆ ይወዛወዛል።

ያኔ አንድ ነገር ትዝ አለኝ። እማዬ ቀኝ እጇን አትጠቀምም። ለእጥበቱ ብለው ሐኪሞቹ ደም ሥሯን የገጣጠሙት ቀኝ ክንዷ ላይ ነው፤ በዚያ እጅ እንዳትጎትት፣ እንዳትንጠለጠል ብለው ሲያስጠነቅቋት እዚያው ነበርኩ። ታዲያ ይህን መያዣ እንዲህ አድርጎ የነቀለው ማን ነው? ቀኝ እጄን ለቅቄ በግራዬ ልይዘው ሞከርኩ። በደረቴ ላይ ተሻግሮ መሄድ ነበረበት፤ ወገቤ ተጠመዘዘ፣ የቀኝ ጎድኔ ከበሩ ብረት ጋር ተጣበቀ። መኪናው በዘለለ ቁጥር ብረቱ እዚያው ቦታ ላይ መታኝ። ትራሷን እዚያ መሃል ሰገሰግኋት፤ ልክ ለቦታው የተሰፋች ናት።

«ቀስ በል እንጂ!» አልኩት ሬዲዮን።

«ከዚህ ቀስ ካልኩ መቆም ነው» አለኝ። በእውነቱም ቀስ ብሎ ነበር የሚነዳው፤ እኔ ከምነዳው በግማሽ ያነሰ።

እንግዲህ ይህን ሁሉ ጊዜ እናቴ እዚህ ወንበር ላይ እንዲህ ተጣምማ ነው የሄደችው። መንገዱ በከፋበት ዕለት ሁሉ ነው አነዳዴን የምታሞግሰው፤ አሁን ሳስበው እያንዳንዱን ሙገሳ አስታወስኩት። እያመማት ሆድ ይፍጀው ብላ ነው። መጀመሪያ አፈርኩ። ሬዲዮ መኪናውን አዙሮ ወደ ሱቁ ሲመለስ ግን ኀፍረቱ ወደ ንዴት ተቀየረብኝ፤ የምናደደው ደግሞ በእሷ ነው።

ትራሷን እጄ ላይ ይዤ ፊቷ ቆምኩ።

«ይህች ምንድን ናት?»

አየት አደረገቻት። «ትራስ ናት። ትራስ አታውቅም?»

«እማዬ!»

«እማዬ፣ እማዬ አትበለኝ። ሰው ይሰማል።»

አቶ ዋስትና ሰው እንደማይሰማ ለማስመስከር ጎማዎቹ መሃል ገብቶ ጠፋ። እኔ አጠገቧ ቁጢጥ አልኩ።

«ለምን አልነገርሽኝም?»

«ብነግርህ ምን ትሠራለህ? ለእህትህ ትነግራታለህ። እሷ ደግሞ ሻንጣዬን ታነሳለች።» ድምጿ ዝቅ አለ። «ልጄ ናት፣ ክፉ አትመኝልኝም። ግን የሰው ወርቅ አያደምቅ። እሷ ቤት እንግዳ ነኝ፤ ሌሊት ስነቃ በሩ በየት በኩል እንደሆነ እስካገኘው ልቤ ይጠፋል። እኔ ቤት ዓይኔን ጨፍኜ እሄዳለሁ።»

«እና ያምሻል?»

«ያመኛል። ህመሙ የእኔ፣ ቤቱ የእኔ፤ እናንተ ምን አገባችሁ? እኔ ችዬ ከያዝኩት አንተ ምን አድርጊ ትለኛለህ?»

ክርክሩን ብሸነፍ ደስ ይለኝ ነበር። እሷ እንድትቀር ከእሷ ይልቅ የምፈልገው እኔ ሳልሆን አልቀርም፤ «እንግዲህ አንቺ ካልሽ» ብዬ ቁልፉን ማንሳት ብቻ ነበር የሚቀረኝ። ግን ትራሷ እጄ ላይ ነበረች፣ ጎድኔም ገና ያመኛል።

«ስሚኝ» አልኳት። «ይህን ጎማ አስፈትቼ ቀላሉን አስገባለሁ። የሚፈነዳ ከሆነ ይፈንዳ፤ ስኮርታ ጎማ እጭናለሁ። መያዣውን አጠብቃለሁ። አንቺ ደግሞ ከዛሬ ጀምሮ መንገድ ላይ ባመመሽ ቁጥር ቀስ ትይኛለሽ። በትንሹም በትልቁም። ካልዋሸሽኝ ሁልጊዜ ቤትሽ አደርስሻለሁ፤ ለማንም አልናገርም።»

«ሁልጊዜ?»

«ሁልጊዜ።»

መሐረቧን አራት አጣጥፋ እንደገና ፈታችው። «እሺ» አለች። «ብዙ ስናገር ግን እንዳትቆጣኝ። አንተ ቁጡ ነህ።»

አቶ ዋስትና አንዴ ቸርኬ ላይ የወጣ ጎማ አይመለስም ብሎ ፊቱን አጨማደደ። እማዬን አየና ግን «ለእናቴ ሲባል» ብሎ ለሬዲዮ ምልክት ሰጠው። ሬዲዮ ያለ አንድ ቃል ከባዶቹን ፈቶ ቀላሎቹን ገጠመ፣ አየሩንም ቀነስ አደረገ። የመያዣውን ብሎን ሳልጠይቀው አጠበቀልኝ። ዳግመኛ ሊሞክረው ሲነሳ «አሁንስ እኔው እሰማዋለሁ» አልኩትና ለመጀመሪያ ጊዜ ደንቡን ተወልኝ።

አስፋልቱ ላይ እማዬ እንቅልፍ ሸለብ አደረጋት። ጎማው ድምፅ የለውም፤ መሪው እጄ ላይ ለስልሷል። ያን ጊዜ ደስ ብሎኝ ነበር። ነገሩን በጎማና በብሎን የጨረስኩት መስሎኝ ለእህቴ የምነግራትን ሁሉ በልቤ ሳሰላስል ሄድኩ።

ጠጠሩ ሲጀምር ነቃች። ወዲያው አንድ ድንጋይ ነካን።

«ቀስ» አለች፤ ሳቅ እያፈናት። እንደ ልጅ ጨዋታ ነበር የያዘችው።

ቀስ አልኩ።

«ቀስ! የዚህን መንገድ ቀያሽ እግዜር ይይለት። ቀስ አልኩህ! አቶ ዋስትናንም ይይለት፣ ለዚህ ዋስትና የለውም እንዴ?»

ሁለታችንም ሳቅን። እናቴ ስትራገም ሰምቻት አላውቅም፤ ይዋጣላታል። ለመንገድ ሠሪው፣ ለከንቲባው፣ ጠጠሩን ላፈሰሰው መኪና፣ ለሁሉም የሚደርሳቸውን ሰጠች። እኔም ፍጥነቴን ቀነስኩ፣ ከዚያም ቀነስኩ። ብስክሌቱን እየገፋ የሚሄድ ሰው ሰላም ብሎን አለፈን።

እርግማኑ ቀስ በቀስ አለቀና «ቀስ» ብቻ ቀረ። ጉድጓድ ብዬ የማልቆጥራቸው ቦታዎች ላይ ሁሉ «ቀስ» ትለኛለች። ይህን መንገድ እንደ እጄ መዳፍ አውቀዋለሁ ባይ ነበርኩ፤ ለካ የማውቀው የጎማዬን መንገድ ነው፣ የእሷን አንድም ቀን አላውቀውም። ቆይቶ ቃሉም ቀረና ትንፋሽ ሆነ፤ በጥርሷ መሃል የምታስወጣው አጭር ትንፋሽ። ሳቆም «ሂድ ሂድ» ትለኛለች። ስሄድ ያው ትንፋሽ ይመጣል። በየሳምንቱ አጠገቤ ዝም ብላ ስትቀመጥ ዝምታው ውስጥ ይህ ሁሉ ነበረ። አለቀስኩ ብል ውሸት ነው፤ ግን መንገዱ ደብዝዞብኝ ነበር።

ቀዩ ዳገት ሥር ስንደርስ ፀሐይ ልትጠልቅ ነው። ከሰዓት ዘንቦ ኖሮ ጭቃው ያብለጨልጫል። ጥቂት ሜትር ርቀት ላይ ያን ቀን የወደቅንበት ቦይ አለ። ማርሹን አወረድኩ።

«አሁን ጎማውን ታዪዋለሽ» አልኳት።

ወጣ። ጭቃውን ነክሶ፣ እየተፋ፣ አንዲት ጣት ያህል ሳይዛነፍ ወጣ። ቦዩን አለፍነው። በሕይወቴ ብዙ ነገር መርጫለሁ፣ እንደዚህ ጎማ አድርጌ የመረጥኩት ግን የለም። «አየሽ! አየሽ አይደል!» ብዬ ጮህኩ።

ዞር ብዬ አየኋት። ዓይኗን ጨፍናለች፤ እንባዋ እስከ አገጯ ወርዷል። በግራ እጇ መያዣውን ጨምድዳ ይዛለች።

«አቁምልኝ» አለች።

ዳገቱ መሃል ላይ መኪና ከመኪና የሚተላለፍበት ሜዳ ቢጤ አለ። እዚያ አቆምኩ። ከዚያ ላይ የቤታችን ቆርቆሮ ይታያል።

«ጎማህ ጥሩ ነው፣ አባቴ» አለች። «አንተም ጥሩ ነው የምትነዳው፤ ይኸኛውን እውነቴን ነው። ዝም ስል እችለው ነበር። ሳልናገረው እንደሌለ አድርጌ ነበር የምሄደው። ዛሬ እየተናገርኩ ስመጣ ግን እኔም ሰማሁት። ከእንግዲህ አልችለውም።»

«ቀስ ብዬ...»

«ከዚህ ወዲያ ቀስ የለም። አዙረው። ለእህትህ ደውልላት፣ አልጋ ታንጥፍልኝ።»

«ቤቱ ይኸው እኮ እማዬ። ደርሰናል። ዛሬን እደሪ፤ ልብስሽን እንኳ እንያዝ።»

ራሷን ነቀነቀች። «ከወጣሁ አልወርድም። ራሴን አውቀዋለሁ። አሁኑኑ አዙረው።»

የሸጥኳት ያህል ተሰማኝ። ተናገሪ ብዬ ያስጨነቅኋት እኔ ነኝ። ባልነካካት ኖሮ ዝም ብላ ዛሬም አልጋዋ ላይ ታድር ነበር፣ እየተጣመመችም ቢሆን። ይህን ማሰብ ራሱ ምን ዓይነት ልጅ እንደሚያደርገኝ አውቄ መሪውን ጠመዘዝኩ።

መዞሪያው ጠባብ ነው፤ ጭቃ ነው፣ ጠርዙ ቁልቁለት ነው። ወደ ኋላ፣ ወደ ፊት፣ ደግሞ ወደ ኋላ አልኩ። ጎማው ትንሽ ቢስት፣ አንዱ እግሩ ቦይ ውስጥ ቢገባ፣ ትራክተር እስከ ነገ አይመጣም፤ እኛም ደግፌያት ወደ ቤታችን እንወጣ ነበር። ይህን አጥብቄ ተመኘሁ። አንዴም አልሳተም። መሬቱን ጨብጦ አዞረንና በእርጋታ ይዞን ወረደ።

እማዬ ወደ ኋላ አላየችም። ትራሷን አስተካክላ ጎኗ ላይ አደረገቻት።

«የመኝታ ቤቴን መስኮት ክፍት ትቼዋለሁ» አለች፣ «ማታ ስትመለስ ዝጋው። ዝናብ ይገባል።»

«እሺ እማዬ» አልኳት።